ሶኬቱ ከመነቀሉ በፊት

«ኢንተርኔት የለም» አለች ልጅቷ። እጇ የስፌት ሱቁ ኮምፒውተር ማውስ ላይ ቀረ።

እናቷ ከስፌት መኪናው ቀና አለች። ስፒሎች ነክሳ ስለነበር ወዲያው አልመለሰችም። አንድ በአንድ መዳፏ ላይ ተፋቻቸው።

«የለም ማለት?»

«ትናንት ኮምፒውተሩ አፕዴት አድርጎ ነበር። ዛሬ የለም።»

የተማሪዎቹ ደንብ ልብስ ንድፍ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ከምሳ በፊት ካልተላከ ትምህርት ቤቱ ሥራውን ለሌላ ልብስ ሰፊ ይሰጣል። እናት በወረቀት ነድፋ፣ ልጅ በኮምፒውተር አሳምራ፣ ሳምንቱን ሙሉ ለፍተውበታል።

እናት የጎረቤቱን ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራች። ሰፈሩ «ፎርማት» ይለዋል። ኮምፒውተር ቢያስነጥስ መድኃኒቱ ያው ነው፤ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን።

«ፎርማት ነው» አለ ገና ከበሩ።

«ንድፉስ?» አለች ልጅቷ።

«ሌላ ቅጂ የላችሁም?»

እናትና ልጅ ተያዩ።

«እንግዲህ ዕድል ነው።»

«አንተ ካልክ...» ብላ ጀመረች እናት።

ትልቅ ሰው ተናግሯል፤ እናቷም አምናዋለች። ደግሞ ትናንት ሳትጠይቅ አፕዴቱን አስጀምራ ወደ ቤት የሄደችው ልጅቷ ራሷ ናት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም።

«እማ፣ አፕዴቱን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ መጀመሪያ እኔ ልሞክር።»

ጠጋኙ ሳቀ። «አቦ! ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። በይ እስቲ።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

እናት አልሳቀችም። «ሞክሪ» አለች።

ልጅቷ ስልኳን አየች። ስልኩ ላይ ዋይፋዩ ይሠራል። መስመሩ ደህና ነው ማለት ነው፤ ሕመሙ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጋ ፈልጋ አንድ ጽሑፍ አገኘች፦ «አፕዴቱ አልተጠናቀቀም።»

ወደ ግድግዳው ዞረች። እናቷ ካውያ እንደተሰካ ረስታ ጨርቅ ካቃጠለች ወዲህ ሱቁን ስትዘጋ ሶኬቱን ሁሉ ትነቅላለች። «የተሰካ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል» ትላለች። ትናንትም ነቅላለች።

ልጅቷ ዓይኗን ከሶኬቱ ላይ መለሰች። ስልኳን በቻርጀሩ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘች፤ የስልኩን ኢንተርኔት አጋራችው። ኮምፒውተሩ አመነታ፤ ከዚያ ያዘ። መጀመሪያ ንድፉን ላከች። «ተልኳል» እስኪል አልተነፈሰችም። ቀጥላ የተቋረጠውን አፕዴት አስጨረሰች። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ የዋይፋዩ ምልክት ቦታው ላይ ነበር።

«እትዬ፣ ይቺ ልጅ ገበያዬን ልትዘጋው ነው» አለ ጠጋኙ እየተነሳ። «ገመዱ ለእኔ እንኳ ትዝ አላለኝም፤ እውነቴን ነው።»

«የማን ልጅ መሰለችህ?» አለች እናት። ጎንበስ ብላ ክር መሰካት ጀመረች። ክሩ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ አልገባ አላት።

ጠጋኙ ከወጣ በኋላ ጠየቀች። «ምን ሆኖ ነው?»

«ሳይጨርስ ጠፍቶ ነው።»

እናት ኮምፒውተሩን አየች፤ ገመዱን እስከ ግድግዳው ድረስ በዓይኗ ተከተለች። መልሳ ልጇን አየች።

ማምሻውን ሱቁ ሊዘጋ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሌላ አፕዴት ጀምሯል። እናት ቦርሳዋን አንግታ፣ እንደ ልማዷ ካውያውን ነቀለች፤ መኪናውን ነቀለች። ኮምፒውተሩ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ጨርሷል?» አለች።

ልጅቷ ስክሪኑን አየች። «ገና ነው፣ እማ። ትንሽ ጠብቂኝ።»

እናት ቦርሳዋን አውርዳ አጠገቧ ተቀመጠች።