የእናቱ ሰፊ ጫማ

ፓን ዩሄ የሟች እናቱን የጫማ ልክ በክር ይዞ ሱቃችን መጥቶ ነበር። ክሩ ስንዝር ከአራት ጣት ሆነ። በመንደራችን በልጅነቷ እግሯ እንዳያድግ በጨርቅ ያልታሰረ አሮጊት ስለሌለች፣ በሟች የሚቀልድ መሰለኝ።

«ወንድሜ፣ ይሄ የጀልባ ቀዛፊ ልክ ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ አላየኝም። «አልተሳሳትኩም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ግድግዳ ተደግፋ ነው የሄደችው። የታችኛው ዓለም መንገድ ሩቅ ነው ይላሉ። እዚያ እንኳ እንደ ልቧ ትራመድ ብዬ ነው።»

አፈርኩ። አባቴ ለሙታን እንዲደርሳቸው የሚቃጠል የወረቀት ቤትና ልብስ ይሠራል፤ ጫማው የእኔ ድርሻ ነው። ሶሉን ሦስት እጥፍ አደረግሁለት። እናቱ በሞተች በሰባተኛው ቀን መቃብሯ ላይ አቃጠለው።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሙጫ ሳማስል አንዲት አሮጊት ደጃፋችን ቆሙ። ጥላ የላቸውም። በእግራቸው ግን እኔ የሠራሁት ጫማ ነበር፤ ስለዚህ አልፈራሁም።

«ልጄ፣ እንዲህ ተራምጄ አላውቅም፤ እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። «ችግሩ፣ የታችኛው ዓለም ጸሐፊዎች ፊት አያዩም፣ እግር ነው የሚያዩት። ከወንዶች ሰልፍ አስገቡኝ። እስከ አርባ ዘጠነኛው ቀን ካልወጣሁ ከባሌ ጋር ሳንገናኝ እንቀራለን። አበባ ያለበት ሌላ ጫማ ሥሪልኝ። ለዚያ ዓይነ አፋር ልጄም አንቺው ንገሪው።»

ያላገባች ልጅ ሐዘን ቤት ብቻዋን አትሄድም። እኔ ግን ሄድኩ።

ነገርኩት። እንባው እየወረደ ሳቀ። «እናቴ በወንዶች ሰልፍ! ስታሾፍባቸው ይታየኛል።»

እሱ ቀይ ወረቀት ሲቆርጥ እኔ አበባውን ስለጥፍ ዋልን። ሊመሽ ሲል መቀሱን አስቀመጠ።

«የሦስት ዓመት ሐዘን አለብኝ፤ እስከዚያ ማግባት አልችልም» አለ። «ጠብቂኝ ለማለት አፍ የለኝም።»

«መቼ ጠየቅከኝ? እኔው ነኝ የምጠብቀው።»

አዲሱ ጫማ በአሥራ አራተኛው ቀን ተቃጠለ። አሮጊቷ ተመልሰው አልመጡም፤ ዩሄ ግን በሕልሙ ከአባቱ ጎን ሲሄዱ አይቷቸዋል።

አባቴ በዚያ መኸር ለዘይት ነጋዴው ልጅ ሊድረኝ ቃል ሊሰጥ ነበር። የሆነውን ሁሉ ስነግረው ሥራውን አቁሞ አየኝ።

«ሠላሳ ዓመት ስሠራላቸው» አለኝ፣ «አንድም ሟች መጥቶ አመስግኖኝ አያውቅም። የእኚያን አሮጊት ልጅ ትቼ ለማን ልሰጥሽ ነው?»

ሦስቱ ዓመት ሲሞላ፣ በጸደይ፣ ዩሄ የሐዘን ልብሱን አወለቀ። በዚያው ሳምንት አንዲት የጋብቻ አማላጅ ሴት ላከ፤ አባቴም እሺ አላት።