ሰም የነካው ብሎን

ወገኔ ሞቶ የተገኘው ሰኞ ጠዋት፣ ከአንኮበር በላይ ባለው ቁልቁለት መታጠፊያ ስር ነው። ሞተር ሳይክሉ ገደሉ አፋፍ ላይ ተንጋሎ ቀርቷል። የአካባቢው ሰው ጉሙን አማረረ፤ ትራፊኩም ጉም ብሎ መዘገበ። ኢንስፔክተር አዲስዓለም ግን በሰው ወሬ መዝገብ መዝጋት የማይሆንላት ሴት ነች። ጎንበስ ብላ የፊት ጎማውን አየች። ፍሬኑን ከሚይዙት ሁለት ብሎኖች አንዱ የለም፤ ሁለተኛው በጣት ይዞራል። ነቅላ በመሐረብ ጠቀለለችው።

ደብረ ብርሃን ተመልሳ መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟችን ሚስት ራሔልን ነበር።

«የፊት ፍሬኑ ብሎን ላልቶ ነበር እንዴ?»

«ላልቶ? ዝጎ አልፈታ ብሎ ስንት ቀን ሲያማርረው!» ራሔል ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቅዳሜ ሞተሩን የተዋሰው ወንድሙ ስንታየሁ ነው። ሰው ነካካው ከተባለ ሁሉም የሚጠረጥረው እሱን ነው። እውነት እሱ ከሆነ ለልጄ ምን ብዬ ልንገረው? አጎትህ ነው አባትህን የገደለው ልበለው?»

ስንታየሁ ሲጠየቅ የራሱን አሮጌ ሞተር አሳያት። በመዶሻና በፒንሳ ሲደበድባቸው ኖሮ የብሎኖቹ ሁሉ ጭንቅላት ተልጦ ክብ ሆኗል።

«እኔ ትዕግሥት የለኝም፣ ኢንስፔክተር። ወንድሜ ብሎን ገዳይ ነበር የሚለኝ» አለና አለቀሰ።

ሦስተኛው ዘርትሁን ነው፤ ከሟች ጋር አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ጋራዥ ውስጥ የሠራ ባልንጀራው። እዚያው ጋራዡ ውስጥ አገኘችው።

«የፊት ፍሬኑ ብሎን ላልቶ ተገኝቷል። ሞተሩ እሑድ እዚህ ነበር ያደረው?»

«አዎ፤ ግን አልነካሁትም። ያንን ብሎን ዓመት ሙሉ የፈታው የለም። መንገዱ አራግፎት ይሆናል እንጂ።»

እያወራ ሥራውን አላቋረጠም። የአንድ ባጃጅ የዛገ ብሎን በጋዝ እሳት አጋለ፤ ከኪሱ የጧፍ ቁራጭ አውጥቶ አስነካው። ሰሙ ቀልጦ ወደ ብሎኑ ጥርስ ሰረገ፤ ብሎኑ ያለ ድምፅ ዞረ። ጠርጎ ሰም ቀባና መለሰው።

«ከፈታኸው በኋላ ደግሞ ለምን ትቀባዋለህ?»

«ነገ ለሚፈታው ሰው እንዳያስቸግር። ደረቅ ብሎን መመለስ አልችልም።»

«ወገኔም እንዲህ ነበር የሚሠራው?»

«እሱ? ናፍጣ አፍስሶ ሁለት ቀን ይጠብቃል እንጂ! ሰም በእጁ ነክቶ አያውቅም። ስንከራከር ነው የኖርነው።»

በማግስቱ ሦስቱን ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸውና መሐረቧን ፈታች።

«ዓመት ሙሉ ያልተፈታ ብሎን መንገድ አያላላውም፤ ዝገቱ ራሱ ይይዘዋል። ስለዚህ ሰው ፈትቶታል። ጠርዙ አልተላጠም፤ ስለዚህ ስንታየሁ አይደለም። ወገኔ ራሱም አይደለም፤ የብሎኑ ጥርስ ውስጥ ያለው ናፍጣ ሳይሆን ሰም ነው። አሽትቱት፤ ማር ማር ይላል። የፈታው ሰው በጣት ብቻ አጥብቆ መለሰው። ቁልቁለቱ እስኪመጣ ድረስ ጠንካራ ፍሬን እንደማያስፈልግ ያውቃል። ሰው ሊገድልበት እያሰበ እንኳ፣ ብሎኑ ነገ እንዳያስቸግር ሰም ቀባው። እጅህ ልማዱን አልተወም፣ ዘርትሁን።»

ራሔል ወደ እሱ ዞረች። «ዘርትሁን? ልጄን ክርስትና ያነሳህልን ሰው?»

«ሊከዳኝ ነበር!» ዘርትሁን ጮኸ። «አንኮበር ቤት ተከራይቶ ከእኔ ደበቀ! ጋራዥ ሊከፍት፣ እኔን ጥሎ!»

አዲስዓለም ከሞተሩ ኋላ ታስሮ የተገኘውን በጆንያ የተጠቀለለ ቆርቆሮ አምጥታ ፈታችው። አዲስ ማስታወቂያ ነው፤ ቀለሙ ገና ይሸታል።

ዘርትሁን አነበበው። «ዘርትሁንና ወገኔ ጋራዥ፣ አንኮበር ቅርንጫፍ።»

«ሰቅሎ ሲጨርስ ወስዶ ሊያሳይህ ነበር» አለች ራሔል። «እንዳትነግሪው ብሎ አስማለኝ። የማን ስም ይቅደም ስለው እንኳ አላመነታም።»

ዘርትሁን ስሙ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ከዚያ ሁለት እጆቹን ለካቴናው ዘረጋ።