በገጽ ስልሳ ሦስት ግርጌ

መጀመሪያ የተጣላሁት ከእጅ ጽሑፉ ጋር ነው። ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቴ የስንቱን ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ተይቤያለሁ፤ የዲያቆን ሲሳይ ጥላዬን የመሰለ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ግማሹ ግዕዝ፣ ግማሹ አማርኛ፣ ሁሉም የተጨፈለቀ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት ወረቀቱን እያገላበጥኩ።

«ጎርጎርዮስ ነው።»

«እሱ ራሱ ነው የጻፈው?»

ሳቀ። ሲስቅ አፉን በነጠላው ጫፍ ይሸፍናል። «የኑሲሱ ጎርጎርዮስ። ከሺህ ስድስት መቶ ዓመት በፊት የነበረ ሊቅ ነው። ስለ ነፍስ ያስተማረውንና ትምህርቱ በእኛ ጉባኤ ቤቶች ያሳደረውን ተጽዕኖ ነው የጻፍኩት።»

«ስለ ነፍስም ይሁን ስለ ሥጋ፣ ካልተነበበልኝ አልተይብም።»

የቀለድኩ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጥቶ፣ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ማንበብ ጀመረ። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ሆነን ቆየን፤ እሱ ያነባል፣ እኔ እተይባለሁ። የትምህርት ዕድሌ ከዐሥረኛ ክፍል ባያልፍም፣ በሦስት ወር ውስጥ ከጎርጎርዮስ ጋር እንደ ጎረቤት ተላመድን።

አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፤ «ነፍስ ወደ መልካም ስታድግ ማቆሚያ የላትም ይላል። ደረስኩ ብላ የቆመች ዕለት ወደ ኋላ መመለስ ጀመረች ማለት ነው።»

«አይደክማትም?»

ትንሽ አሰበ። «ጉናን ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ጫፍ ደረስኩ ስትዪ ከወዲያ ሌላ ጫፍ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ትናደጃለሽ። በኋላ ግን የምታዪው ሁሉ ደስ ይልሻል፣ ድካሙን ትረሺዋለሽ።»

ይህን ሲል የሚያየው በመስኮቱ ነበር፤ ሲጨርስ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩና ሦስት መስመር ሙሉ ስሕተት ተየብኩ።

ጥያቄ ይበዛብኛል። ያሳደገችኝ አክስቴ ጥሩወርቅ «አንቺስ ሬሳም ትጠይቂያለሽ» ትለኛለች። ሲሳይ ሲያነብ እንዳላቋርጠው ብዬ ጥያቄዬን በየገጹ ግርጌ መተየብ ጀመርኩ። እሱ ረቂቁን ወደ ቤቱ ወደ ጋፋት ይወስደዋል፤ በማግስቱ መልሱን ከሥሩ በእስክሪብቶ ጽፎ ይመልስልኛል፤ እኔም ጥያቄውን ከኮምፒውተሩ አጠፋዋለሁ። ልማዳችን ይኸው ነበር።

«ስለ ነፍስ ጎርጎርዮስን ያስተማረው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ታላቅ እህቱ ማክሪና። ልትሞት ተኝታ፣ እሱ ሲያዝን እሷ ነበረች የምታጽናናው። መምህሬ ይላታል» ብሎ ጻፈ።

«ሚስት ነበረችው?»

«ነበረችው የሚሉ አሉ። በእርግጠኛነት የሚያውቅ ግን የለም።»

«ጉናን የሚያሳየኝ ማን ነው?»

ከዚህኛው ሥር አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «እኔ»።

ጉናን በጥቅምት ወጣን። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል በጭጋግ ውስጥ ሰው መስሎ ቆሟል። ጫፍ ላይ ስንደርስ፣ እንዳለውም ሌላ ጫፍ ነበር። ተቀመጥንና ዳቦ ቆርሰን በላን። ብዙ አላወራንም፤ እኔ ዝም ማለት እንደምችል ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ስንወርድ ቀስ ብሎ «ፈንታነሽ፣ ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ።

«ትንሽ ቆይ» አልኩት።

ደስ ብሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ያልነገርኩት ነገር አለ። በዐሥራ ሦስት ዓመቴ ሐሙሲት አጠገብ ለአንድ ጎልማሳ ተድሬ ነበር። ሁለት ዓመት በቤቱ ኖሬያለሁ፤ ከዚያ በሌሊት ልብሴ ጠፍቼ ወደ አክስቴ መጣሁ፣ ሽማግሌም አፋታን። ዲያቆን ደግሞ ቅስና ሊቀበል የሚችለው ድንግል ሲያገባ ነው። እንደ እኔ ያለችውን ፈት ካገባ ዲቁናውም ይቀርበታል። ይህን ለማወቅ ጎርጎርዮስ አያስፈልግም፤ በእኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል።

የሲሳይ አባት ቄስ ጥላዬ ዓይናቸው እየደከመ ነው። ከጋፋት ወዲያ ባለችው ኪዳነ ምሕረት ከእሳቸው ጋር የሚቀድሱት ካህን ወደ ባሕር ዳር ከሄዱ ወዲህ፣ በየእሑዱ ከሌላ ደብር ቄስ ይለምናሉ። አገሩ ሁሉ የሲሳይን መቀሰስ ነው የሚጠብቀው።

እንደምነግረው አውቃለሁ። አፌ ግን ለሌላው ሁሉ የማይሰንፈው፣ ለዚህ ሰነፈ።

የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ እንዲህ የሚል አነበበልኝ፤ «ነፍስ ወደ ፊት በምትዘረጋለት እንጂ ወደ ኋላ በተወችው አትለካም። የፈጣሪ መልክ የሆነውን ሰው ያለፈው ነገር አያሳንሰውም።» ይህ የሲሳይ የራሱ ማጠቃለያ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ደጋግሜ አነበብኩት፤ አለቀስኩም። ከዚያ በገጽ ስልሳ ሦስት ግርጌ እንዲህ ብዬ ተየብኩ፤ «በልጅነቷ ያለ ፈቃዷ ተድራ ለተፈታች ሴትም ይህ ይሠራል? ዲያቆን ቢያገባትስ?»

ለነገሩ ጥሩ አድርጌ ነው የተየብኩት፤ ፊደሉም መጠኑም ከሌላው ጽሑፍ ጋር አንድ ነው። በማግስቱ ረቂቁን ስሰጠው ፋይሉንም በፍላሹ ገለበጥኩለት።

በዚያው ሳምንት ደብረ ታቦር መብራት ሦስት ቀን ጠፋ፤ አክስቴም ታማ ሆስፒታል ይዣት ገባሁ። ጽሑፉን ለኮሌጁ የሚያስገባበት ቀን ሲደርስበት ሲሳይ በፍላሹ የያዘውን ይዞ ባሕር ዳር ወረደ። ስደውልለት በደስታ ይጮሃል። «ታትሞ ተጠርዟል፣ ፈንታዬ! በአንቺ እጅ ያለፈ ምን እርማት ያስፈልገዋል? አላነበብኩትም እንኳ!»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። «እንኳን ደስ ያለህ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ጽሑፉን በመርማሪዎች ፊት በሚያስረዳበት በዲፌንሱ ዕለት ባሕር ዳር ሄጄ ከአዳራሹ ኋላ ተቀመጥኩ። ቄስ ጥላዬ ነጭ ጥምጥማቸውን አስረው፣ ጋቢ ደርበው ከፊት ተቀምጠዋል። ሲሳይ እየተጠየቀ ይመልሳል፤ ሲመልስ ያምርበታል። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው መርማሪ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«በገጽ ስልሳ ሦስት ግርጌ ጥሩ ጥያቄ አንስተሃል። መልሱን ግን አላየሁትም» አሉና ጮክ ብለው አነበቡት።

ሲሳይ ገጹን ገለጠ። አነበበው። ቀና ብሎ በአዳራሹ ውስጥ ፈለገኝና አገኘኝ። አንገቴን አልደፋሁም። የጠየቅኩት ስለ ማን እንደሆነ ያኔ ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጥያቄው ያንተ አይደለም?» አሉት መርማሪው።

«የእኔ ነው» አለ። ለዚህች ቃሉ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

«መልሱስ?»

ቄስ ጥላዬ ሊሰሙት ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማል።

«ሥርዓቱ አይፈቅድም» አለ በመጨረሻ።

«ሥርዓቱንማ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሊቁ ምን ይላል ነው የምልህ። እንደ እሱ ትምህርት፣ ያቺ ሴት ምን ጎደላት?»

ምንም አልጎደላትም ይበል ብዬ ጠበቅኩ፤ አግባኝ አላልኩትም፣ ይህችን ብቻ ይበል።

«አላውቅም» አለ።

ያውቃል። ሦስት ወር ሙሉ ያነበበልኝ እሱ ነው። ጭብጨባው ሳይጀመር ወጣሁ። በከፍተኛ ማዕረግ አለፈ አሉኝ።

በማግስቱ ገና በሬን ስከፍት መጣ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር፣ በለመድነው መንገድ። ያላነበብከው አንተ ነህ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ዲቁናዬን እተዋለሁ። ለአባቴ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ። እንጋባለን።»

ልሰማው የናፈቅኩት ይኸው ነበር። ፊቱ ግን ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ፊት ነው።

«ትናንት ለምን አላውቅም አልክ?»

«አባቴ ነበሩ፣ ፈንታዬ።»

«አባትህ ሁልጊዜም ይኖራሉ። አገሩም ይኖራል። እሑድ ቄስ ጠፍቶ ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ፣ ዞረህ የምታየው እኔን ነው።»

«አላይሽም!»

«ታየኛለህ። ክፉ ሆነህ አይደለም። ትናንት በአንድ አዳራሽ ሰው ፊት ያቃተህን፣ ዕድሜ ልክህን ለአገር ሁሉ ልትመልስ አትችልም።»

እጄን ያዘኝ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር። ደንበኛ መጥቶ ደጅ ላይ ሲያየን ተመልሶ ሄደ።

«ሂድ ሲሳይ» አልኩት። «ሂድና ቀስስ።»

ሰው ሲጠይቀኝ ለእሱ ስል ተውኩት እላለሁ። ውሸቴን ነው። ተናድጄ ነበር። ንዴቱ ሲበርድልኝ ደግሞ ጊዜው አልፎ ነበር፤ በጥር ከጋፋት አንዲት ደግ ልጅ አገባ፣ እመቤት ትባላለች። ለፋሲካ ቅስና መቀበሉን ሰማሁ። ያን ዕለት የተየብኩትን አላስታውስም።

አክስቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተች። ትውልዷ ጋፋት ነው፤ አደራዋም ከእናቷ ጎን ኪዳነ ምሕረት እንድትቀበር ነበር። ፍትሐቱን የመራው ቄስ ሲሳይ ነው። ጺም አውጥቷል፤ ድምፁ ወፍሯል። ቄስ ጥላዬ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቶ፣ በቅጥሩ ጥግ ተደግፈው በቃላቸው ይከተሉታል። ቤተ ክርስቲያኗ ንጹሕ ናት፤ ሰውም ሞልቷታል።

ቀብሩ ሲያልቅ መስቀሉን ይዞ ሐዘንተኞቹን በየተራ እያሳለመ መጣ። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዓይኖቹ አልተለወጡም።

«ምንም አልጎደላትም» አለኝ፣ እኔ ብቻ እንድሰማው አድርጎ። «ያን ቀንም አውቀው ነበር።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚህች ቃል መልስ ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ፤ ቁጣም ነበረኝ፣ ይቅርታም ነበረኝ። ከኋላዬ ሰው መስቀል ሊሳለም ተሰልፎ ይጠብቃል።

ጎንበስ አልኩ። «ይፍቱኝ፣ አባ» አልኩት።

መስቀሉን ግንባሬን አስነካኝ፤ ከዚያ ከንፈሬን። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩና ከኋላዬ ላሉት እናት ቦታ ለቀቅኩላቸው።