የሌንሰር አዌንዶ የስንብት ኢሜይል

ሌንሰር አዌንዶን ከሐይቁ ያወጧት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ከዓሣ ፋብሪካው የጀልባ መጠጊያ ሥር፣ እምቦጩ ውኃውን በሸፈነበት ቦታ፣ በፊቷ ተደፍታ ተንሳፍፋ አገኟት። አስከሬኗ ሆስፒታል ሳይደርስ የስንብት ቃሏ በኬንያዋ ኪሱሙ ከተማ ከስልክ ወደ ስልክ መዞር ጀመረ።

«ይቅር በሉኝ» ይላል ኢሜይሉ። «ገዢ መስሎ የመጣውን መልእክት የከፈትኩት እኔ ነኝ። ፋብሪካችን የተዘጋው፣ ይህ ሁሉ ሠራተኛ ቤቱ የዋለው በእኔ ጥፋት ነው። ከእንግዲህ የሰው ዓይን ማየት አልችልም። ሌንሰር።»

ታናሽ እህቷ ዊልኪስተር ይህን የሰማችው ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ነው። አጠገቧ የተቀመጠች የማታውቃት ሴት ለጓደኛዋ ጮክ ብላ ስታነብላት። ሴትየዋ «ሌንሰር» ስትል ዊልኪስተር ቀና አለች፤ ከዚያ በኋላ ማን ከመኪናው እንዳወረዳት፣ ማን ቤቷ እንዳደረሳት አታስታውስም።

ሁለቱም የሚሠሩት በዚያው ፋብሪካ ነበር። ሌንሰር የቢሮውን ኮምፒውተሮችና ኢሜይል የምትጠብቅ፣ ዊልኪስተር በጭነት ክፍል። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ቫይረስ ገብቶ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ቆለፋቸው። የማቀዝቀዣው ክፍል መቆጣጠሪያ ቆመ፤ የጭነት ሰነድ ጠፋ፤ በኮንቴይነር የተጫነው ዓሣ ገማ። ሠራተኛው ተበተነ። ከተማው ደግሞ ጣቱን የቀሰረው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ ኮምፒውተር ጠባቂዋ የት ነበረች?

ከሞቷ በላይ ዊልኪስተርን ያንገበገባት የሌንሰር ባል አባት ሽማግሌው ኦኬች የላኩት ቃል ነበር። ራሷን ያጠፋች ሴት በግቢያቸው አትቀበርም። ነገ ጠዋት ከአጥር ውጭ አፈር ትለብሳለች፤ ማንም ድምፁን አውጥቶ አያለቅስላትም። የሌንሰር ባል አባቱን ለመቃወም አቅም አጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል።

ዊልኪስተር ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ጉዳዩን የያዘችው ሴት ኢንስፔክተር ካጁጁ ትባላለች፤ አጭር፣ ደልደል ያለች የሜሩ ሰው፣ ስታስብ ኦቾሎኒ የምትፈለፍል።

«ማዳም፣ እህቴ ራሷን አልገደለችም።»

«ዘመድ ሁሉ እንደዚያ ይላል፣ ልጄ። ሐኪሙ ማጅራቷ ላይ የተመታ ቦታ አይቷል፤ ስትወድቅ የመጠጊያው እንጨት መቷትም ሊሆን ይችላል ብሎ ቁርጡን ሳይናገር ተወው። ሌላ ምን አለሽ?»

«ጥበቃውን ተሰናብታለች። ሾፌሩንም ተሰናብታለች። እኔን፣ በአንድ ጡት ያደግሁትን፣ አልተሰናበተችኝም።»

የካጁጁ ጣቶች ኦቾሎኒው ላይ ቆሙ። «ኢሜይሉ አልደረሰሽም?»

«አልደረሰኝም። አይቼውም አላውቅ። ሌሎች ሲያነቡት ነው የሰማሁት፤ ልየው ብል ዓይኔ አልችል አለኝ።»

«እንግዲያው አሁን እይው» አለችና ስልኳን አቀበለቻት።

ዊልኪስተር እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ አነበበች። ከላይ የእህቷ ስም አለ። ስሙን በጣቷ ስትነካው ከሥሩ አድራሻው ወጣ።

«ይኼ የእሷ አድራሻ አይደለም! ማዳም፣ ስሙ ነው እንጂ አድራሻው የእሷ አይደለም! የቢሮው ኢሜይል ከተዘጋ ወዲህ ሁላችንም በየግላችን ነበር የምንጻጻፈው፤ የሌንሰርን አውቀዋለሁ። ራሷ አይደለችም እንዴ ስትጨቀጭቀን የኖረችው? ‹ስም ጭንብል ነው፤ ማንም ያጠልቀዋል። አድራሻውን እዩ። የሚያስቸኩልና የሚያስደነግጥ ነገር ሲመጣ ደግሞ ጣታችሁን ሰብስቡና ለላኪው ስልክ ደውሉ› ትለን ነበር።»

«እና ማንም አላየም።»

«ማን ያያል? እሷ ሞተች ሲሉን!»

ካጁጁ አንገቷን ነቀነቀች። «ይህ ብቻውን ማስረጃ ሆኖ አይቆምም። አዲስ አድራሻ መክፈት ቀላል ነው፤ ለመሞት የቆረጠ ሰው ለምን እንዲህ አደረገ አይባልም። ማን እንደከፈተው እንዲነግሩኝ ለኢሜይል ድርጅቱ ጽፌያለሁ። መልሱ ሳምንታት ይወስዳል።»

«ሳምንታት! እኛ ነገ ጠዋት ነው እኮ እንደ ውሻ ከአጥር ውጭ የምንጥላት!» ዊልኪስተር ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። «ከዚያ በኋላ እውነቱ ቢወጣ ለማን ነው?»

ኢንስፔክተሯ ትንሽ አየቻትና የኦቾሎኒውን ገለባ ከቀሚሷ ላይ አራገፈች። «ተነሺ። ፋብሪካው ሄደን ሰዎቹን አሳይኝ።»

ፋብሪካው ውስጥ የቀሩት ጥቂት የቢሮ ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ ያገኙት የምርት ክፍል ኃላፊውን ኦዶንጎን ነው፤ ድምፁ ከግቢው ማዶ የሚሰማ ጎረምሳ።

«አዎ ጮሄባታለሁ!» አለ ሳይጠየቅ። «የዘፈን ፍላሼን ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ ነበር። ቫይረሱን ያስገባው ፍላሽህ ነው አሉኝ፤ ከሥራ ሊያባርሩኝ ነበር። ሌንሰርን ስብሰባ መሀል ‹እውነቱን ተናገሪ፣ አድኝኝ› አልኳት። ‹አጣርቼ እስክጨርስ ታገሥ› ብላ ዝም። እናንተ ብትሆኑ አትጮሁም?»

«የስንብቱ ኢሜይል ደርሶሃል?»

«እኔ? አልደረሰኝም። የጠሉትን ሰው አይሰናበቱም መሰለኝ።»

ዊልኪስተር ኦዶንጎን በጥርጣሬ አየችው። የላከ ሰው ለራሱ አይልክም። ካጁጁን ብታያት ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

የአስተዳደር ኃላፊዋ ማማ ጆሴፊን ዓይኗ አብጧል። የኦዶንጎን ከሥራ ማሰናበቻ ደብዳቤ ራሷ እንዳረቀቀች አልደበቀችም። «ሁላችንም በፍላሽ ነው የገባው ብለን ነበር። የሌንሰር ቃል ሲመጣ ነው በኢሜይል መሆኑን ያወቅነው።»

«ከዚያ በፊት ኢሜይል ነው ያለ ሰው አልነበረም?»

«ማንም። እግዜር ይመስክር።»

«ፋብሪካው ተዘጋ የሚለውን ማስታወቂያ ለሠራተኛው የላክሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፤ በየግል አድራሻቸው።»

«ደርሶኛል» አለች ዊልኪስተር። «ለኦዶንጎም ደርሶታል፤ አብረን ነው ያነበብነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሜሻክ ኦሞሎ ከመቀመጫቸው ተነሥተው የዊልኪስተርን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ረጋ ያሉ፣ በቤተ ክርስቲያን የሚከበሩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። የሌንሰርን የሬሳ ሣጥን እኔ አሠራለሁ ብለው የተነሡትም እሳቸው ነበሩ።

«እንደ ልጄ ነበረች» አሉ። «በኮምፒውተሩ ነገር ብቻ ነበር የማንስማማው። መግቢያ ቃሉ ሳያንስ በስልክ የሚመጣ ቁጥር አስገቡ ትለን ነበር። እኔ ዓይኔ ደካማ ነው፤ ለእኔ አንሺልኝ አልኳት።»

«አነሣችልዎት?»

ኦሞሎ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለጊዜው... አዎ። እምቢ ብትልም አለቃ ነኝ።»

ወደ ውጭ ሲወጡ ዊልኪስተር የኢንስፔክተሯን ክንድ ያዘች። «ማዳም፣ ሌንሰር ከመሞቷ በፊት ያለችኝ አለ። ‹ቫይረሱ የማን በር ተከፍቶ እንደገባ ደርሼበታለሁ። ባለቤቱ በራሱ አፍ እንዲናገር ጊዜ ሰጥቼዋለሁ› አለችኝ። ስሙን ንገሪኝ ብላት ‹ሰው ራሱን ሲያጋልጥ ይሻላል› ብላ ከለከለችኝ።»

ካጁጁ ኢሜይሉ የተላከላቸውን ሰዎች አድራሻ ከስልኳ ላይ ቀስ እያለች ታነብ ነበር።

«ኦጎላ የሚባለው ማነው?»

«ከእኔ በፊት በጭነት ክፍል የነበረ። እሱ ሲለቅ ነው እኔ የተቀጠርኩት። አሁን ኤልዶሬት ነው መሰለኝ።»

«ኦዶንጎስ መቼ ተቀጠረ?»

«ከእኔ በኋላ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሐይቁ ዞር ብላ ለኦጎላ ደወለች። ብዙ አዳመጠች፤ ጥቂት ተናገረች። ስልኩን ስትዘጋ «ሽማግሌውን ጥሪያቸው» አለች። «ሁሉም የፋብሪካው ምግብ አዳራሽ ይሰብሰቡ።»

ኦኬች ከመንደራቸው ከሴሜ የመጡት መቃብር ቆፋሪዎቹን ሥራ ላይ ትተው ነው። ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። «ለሞተ ሰው ምን ይጠየቃል?» አሉ። «ቃሏን ራሷ ጽፋለች።»

«አልጻፈችም፣ ጃዱኦንግ» አለች ካጁጁ፤ የሉኦ ሽማግሌ የሚከበርበትን ቃል ተጠቅማ። «ላስረዳዎት።»

ዊልኪስተር ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የኢሜይሉ ስም የሌንሰር ነው፤ አድራሻው ግን የእሷ አይደለም። ይህ ብቻውን ለፍርድ አይበቃም፤ ስለዚህ ወደ ቃሉ እንግባ። ኢሜይሉ ‹ገዢ መስሎ የመጣ መልእክት› ይላል። እናንተ ሁላችሁ ያን ጊዜ በፍላሽ ነው ብላችሁ ኦዶንጎን ልታባርሩ ነበር። እውነቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዷ የደረሰችበት ሌንሰር። ሁለተኛው፣ ያንን መልእክት በራሱ እጅ የከፈተው።»

«ከእኔ ላይ ውረዱ ብያለሁ እኮ!» አለ ኦዶንጎ።

«ዝም በል፤ አንተን ነፃ እያወጣሁህ ነው። አሁን ለማን እንደተላከ እንይ። ለዊልኪስተር አልተላከም። ለኦዶንጎ አልተላከም። ከፋብሪካው ከለቀቀ የቆየው ኦጎላ ግን ደርሶታል። ላኪው የተጠቀመው ዊልኪስተር ከመቀጠሯ በፊት የተሰበሰበ አሮጌ የአድራሻ ስብስብ ነው። ኦዶንጎ ከዊልኪስተር በኋላ ስለመጣ ኦጎላን አያውቀውም። ማማ ጆሴፊን ማስታወቂያውን ስትልክ ሁለቱም ደርሷቸዋል፤ የእሷ ስብስብ አዲስ ነው።»

ማማ ጆሴፊን እጇን አፏ ላይ ጫነች። የሁሉም ዓይን ወደ አንድ ቦታ ሄደ።

«ኦጎላን ጠየቅሁት። ‹ከፋብሪካው ከወጣህ ወዲህ የማን ኢሜይል ይደርስሃል?› አልኩት። ‹የማንም። በየዓመቱ የሚስተር ኦሞሎ የፋሲካ መልካም ምኞት ብቻ› አለኝ።»

«ይህ ምን ያሳያል?» አሉ ኦሞሎ። ድምፃቸው አሁንም የረጋ ነበር። «የድሮ አድራሻ በማንም እጅ ይገኛል።»

«የዘንድሮውን የፋሲካ ምኞትዎን ኦጎላ ልኮልኛል። አድራሻዎቹ ከላይ እስከ ታች የተሰለፉት በስንብቱ ኢሜይል ላይ በተሰለፉበት ቅደም ተከተል ነው። የጥበቃው አድራሻ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ትርፍ ፊደል አለው። እንዳይጠረጠሩ ለራስዎም ልከዋል። ሚስተር ኦሞሎ፣ ያ በስልክ የሚመጣ ቁጥር ቢኖር ኖሮ ሌባው በእርስዎ በር አይገባም ነበር። መልእክቱን የከፈቱት እርስዎ ነዎት፤ ሌንሰርም ነገረችዎት።»

ኦሞሎ መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጴዛው ላይ ተዉት።

«ለመንኳት» አሉ። «መጠጊያው ላይ፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ። ዕድሜዬን እዚህ ፈጅቻለሁ፤ ያን ሁሉ ሰው ሥራ ያሳጣ እሱ ነው እንዳልባል፣ ለፋብሪካው ባለቤቶች አትንገሪ ብዬ ለመንኳት። ‹ኦዶንጎ ያለ ጥፋቱ ይባረር? እርስዎ ራስዎ ይናገሩ፤ እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ› አለችኝ። አጠገቤ ልትቆም! ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትሄድ ገፋኋት። ጭንቅላቷ ከእንጨቱ ተጋጨና ወደቀች።»

«መዋኘት አትችልም» አለች ዊልኪስተር።

«አውቅ ነበር» አሉ ኦሞሎ፣ ሳያዩዋት። «ቆሜ እያየሁ ነበር።»

ኦዶንጎ ዘሎ ሊይዛቸው ሲል ካጁጁ በክንዷ ገፍታ አስቀመጠችውና ካቴናውን አወጣች።

ሽማግሌው ኦኬች ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አኖሩ። ከዚያ ስልካቸውን ከካፖርታቸው ኪስ አውጥተው ለቆፋሪዎቹ ደወሉ። «የቆፈራችሁትን ተዉት» አሉ። «ባዶ መቃብር ሌላ ሬሳ ይጠራል፤ የሙዝ ግንድ ቅበሩበት። ለልጄ ሚስት ግን ግቢ ውስጥ፣ እንደ ወጉ ከቤቷ በስተግራ ቆፍሩላት። ሰው ሁሉ ይጠራ።» ስልኩን ሳይዘጉ ወደ ዊልኪስተር ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺን ዝም ያሰኘሁሽ እኔ ነኝ። አልቅሺ።»

ዊልኪስተር ተነሥታ ወደ ፋብሪካው በር ወጣች። በሩ ላይ ከሥራ የተበተኑት ሴቶች ተሰብስበው ወሬ ይጠብቁ ነበር፤ የሌንሰርን ስም ሲያነሡ ምራቃቸውን የሚተፉት። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና የእህቷን ስም ጠርታ ጮኸች፤ እነዚያን ቀናት ሁሉ ታፍኖ የቆየው ጩኸት ሐይቁ ዳር ደረሰ። ሴቶቹ ዞረው አዩዋት። ከመካከላቸው አንዷ፣ ዓሣ ስትበልት የኖረች ወፍራም ሴትዮ፣ ከውስጥ ኦሞሎ በካቴና ታሥረው ሲወጡ አየች፤ ወደ ዊልኪስተር ተመለከተች። ሻሿን ፈታ ወገቧ ላይ አሰረችና «ሌንሰር! ወይኔ ሌንሰር!» ብላ ተቀበለቻት።