ከኋላ በግራ በኩል

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ እመኑኝ፣ ዶርም ውስጥ ልጆቹ ስለ ሴጣን ሲያወሩ "መብራቱን አጥፉልኝ፣ ልተኛበት" የምል፣ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ የወጣሁ፣ ድምፅ ከሰማሁ ወይ ኩሽኔታ ነው ወይ ብሎን ላልቷል የምል፣ በቃ እንደዛ ነኝ። ይሄ የምነግራችሁ ነገር በጨለማ ቢሆን ኖሮ "ጨለማ ነው" ብዬ እገላገል ነበር፣ ግን በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው፣ ከነገሌ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ሊበን ሜዳ ላይ።

መኪናው የአባቴ ነው። አባቴ ድሮ የአንድ ሚሽን ክሊኒክ አምቡላንስ ሹፌር ነበሩ፣ ክሊኒኩ ሲዘጋ አሮጌውን ላንድሮቨር ለሳቸው ሰጧቸው፣ እሳቸውም ከኛ ከልጆቻቸው ለይተው አያዩትም። አምና ስትሮክ መታቸውና ግራ እግራቸው አልታዘዝ አለ፣ ፍሪሲዮን መርገጥ ቀረ። ሜጋ ከተማ ያለ አንድ ነጋዴ "ልግዛው" እያለ ይደውላል፣ እናቴ "ይሸጥ" ትላለች፣ አባቴ ደግሞ በር ላይ ወንበር አውጥተው መኪናውን ሲያዩ ይውላሉ፣ ምግብ እንኳን በልመና ሆነ። አባቴ ዓይኔ እያየ እየሞቱ ነው፣ እኔ ደግሞ ተመርቄ ሥራ ፈት ቁጭ ብያለሁ፣ ተናደድኩና "አውቶማቲክ ካምቢዮ እናስገባለት፣ አለቀ!" አልኩ። ግራ እግር አያስፈልግም፣ አባባ ራሳቸው ይነዳሉ።

ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚሁ ነገሌ ወልዶ የከበደ፣ አፉ የማያርፍ ነስሩ የሚባል መካኒክ አለ፣ እሱ ሁለት ካምቢዮ አገኘልኝ፣ አንዱ ባለ ሦስት ማርሽ፣ አንዱ ባለ አራት፣ ባለ አራቱን መረጥኩ፣ እዚህ ላይ ጠብ የለም። ጠቡ የመጣው የኋላው ዲፈረንሻል ላይ ነው። የፊቱ ድሮ ወልቋል፣ መኪናውን የሚገፋው የኋላው ብቻ ነው፣ ጥርሱ ደግሞ ለጉልበት የተሠራ፣ ሞተሩ እየጮኸ እንደ ኤሊ የሚያስኬድ። እኔ ፈጣኑን ጥርስ ፈለግኩ፣ ሞተሩ ያርፋል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ባዶ መኪና ምን ጉልበት ያስፈልገዋል?

"የድሮው ይቆይ" አሉ አባቴ።

"ለምን አባባ? ምን ሊጭኑበት ነው?"

"ጭነቱ በየዓመቱ ይጨምራል።"

"የምን ጭነት? ባዶ እኮ ነው!"

ነስሩ ከመኪናው ሥር ሆኖ "ኢንጂነሯ፣ ነይ ይሄን እዪማ" አለኝ፣ "የግራው ባሌስትራ ላይ ብረት ተደራርቦበታል፣ ቀኙ ላይ የለም። ኦቦ ጃርሶ፣ በግራ በኩል ዝሆን ነው እንዴ የሚያሳፍሩት?"

አባቴ አልሳቁም። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፣ ክብደት የሚሸከመውን የግራውን ባሌስትራ ከቀኙ እኩል አስደረግኩ፣ ፈጣኑንም ጥርስ አስገጠምኩ።

ከሰዓት በኋላ ነስሩን አጠገቤ አስቀምጬ ልንሞክረው ወጣን። ስንሄድ ማር ነበር፣ ማርሽ ሲቀያየር እንኳን አይሰማም፣ ነስሩ "ወላሂ እስከ ቦሬ ተኝቼ እሄዳለሁ" ይላል። ሜዳው ላይ አንድ ጠፍጣፋ ግራር አለ፣ እዛ ዞረን ፊታችንን ወደ ነገሌ መለስን፣ ነስሩ ወርዶ ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ ሥሩን አየ፣ ተመልሶ ገባና በሩን ዘጋ።

ከዛ ሌላ በር ተዘጋ።

"የኋላውን ከፍተኸው ነበር?" አልኩት።

"ኧረ እኔ አልነካሁትም።"

ነዳጅ ሰጠሁ፣ መኪናው ከበደኝ። ሜዳ እኮ ነው፣ ዳገት የለ፣ ነፋስ የለ፣ ግን ካምቢዮው ሁለት ላይ ገብቶ እምቢ አለ፣ ወደ ሦስት ይሞክርና ይከብደዋል፣ ተመልሶ ሁለት።

"ጥርሱ ነው" አለ ነስሩ፣ "ፈጣን ፈጣን አልሽ፣ ይኸው ጉልበት አጣ።"

"ስንመጣስ? ስንመጣ ይሄው ጥርስ አልነበረም?"

በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ ፊት ለፊት የተያዩት ሁለቱ አግዳሚ ወንበሮች ባዶ ናቸው፣ ግን ይጮኻሉ፣ የተቀመጠ ሰው ጎኑን ሲያገላብጥ እንደሚጮኹት፣ ቀስ ብለው። መኪናው ደግሞ በግራ በኩል ተኝቷል፣ መሪውን ይስብብኛል። ነስሩ ወሬ ትቶ ቢስሚላህ ጀመረ፣ እኔ "ዝም በል፣ ድምፁን ላዳምጥበት" እያልኩ እቆጣለሁ።

ከተማው መግቢያ ላይ የድሮው ክሊኒክ በር አለ፣ ዛሬ የእህል መጋዘን ነው። እዛ ስንደርስ ከኋላችን ቆርቆሮው ተንኳኳ፣ ኳ ኳ፣ ነስሩ በልማዱ "ወራጅ አለ!" አለ። ካለ በኋላ ነው ፊቱ አመድ የመሰለው። እግሬ ሳላዘው ፍሬን ረገጠ። መኪናው ቆመ፣ ከኋላ ቀና አለ፣ ትንሽ ቆየ፣ ደግሞ ቀና አለ፣ ደግሞ። ሰው ሲወርድ ባሌስትራ እንደሚነሳው፣ ልክ እንደዛ። ከዛ በቃ። በግራ በኩል ግን ዝቅ እንዳለ ቀረ።

ቤት ስንደርስ አባቴ ከዘራቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል፣ ያዩት እኔን ሳይሆን የኋላውን ግራ ጎማ ነው።

"ስንቴ ተነሳ?" አሉኝ። ማንም አልነገራቸውም እኮ!

"ሦስቴ።"

"አራት ነበሩ፣ ያኔ ለምጥ ከግራሩ ያነሳኋቸው። እናቲቱ፣ እህቷ፣ ባልየው።"

"ይሄ ሦስት ነው አባባ።"

"አራተኛው መንገድ ላይ ተወልዶ መንገድ ላይ ቀረ፣ ስም አልወጣለትም ነበር" አሉ፣ ከዛ ቀና ብለው አዩኝ፣ "ያንቺ እኩያ ነው።"

ይህን ብለው ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ቤት ገቡ። እናቴን ብጠይቃት "የአባትሽን ሥራ ለጌታ ተዪው" ብላ መዝሙር ጀመረች።

በማግስቱ ጋራዥ ወስጄ "የድሮውን ጥርስ መልስልኝ" አልኩት ነስሩን፣ "የግራውንም ብረት ጨምር።" አልቀለደም። "ስንት እንደሚከብድ ሳላውቅ ስንት ልጨምር? ከኋላ በቀኝ በኩል ግቢና ተቀመጪ" አለኝ። ገባሁ። ውሃ ልኩን የኋላው መከላከያ ብረት ላይ አስቀምጦ አየው፣ ደግሞ አየው።

"ግራና ቀኙ ልክ ሆነ" አለ፣ በጣም በቀስታ። "ውረጂ።"

ልወርድ ስነሳ ፊት ለፊቴ ያለው ባዶ አግዳሚ አብሮኝ ጮኸ። መሬት ስረግጥ መኪናው በቀኝም በግራም እኩል ቀና አለ፣ ነስሩ ውሃ ልኩን እንደያዘ ቀረ። ብረት መጨመር አላስፈለገም።

አሁን አባባ ይነዳሉ፣ ይበላሉ፣ ተመስገን፣ የሜጋው ነጋዴም ተስፋ ቆረጠ። ማርሹን ሁለት ላይ አድርገው ወደ ሊበን ይወጣሉ፣ ከመነሳታቸው በፊት የኋላውን በር ከፍተው "ናጋ" ብለው በኦሮምኛ ሰላም ይላሉ፣ ትንሽ ጠብቀው ይዘጋሉ። ሰላም የሚሉት ለባዶ መኪና መሆኑን አልነገርኳቸውም፣ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

ትናንት ከገበያ ስመለስ ብቻዬን ባጃጅ ተሳፈርኩ፣ በቀኝ በኩል ጥጌን ይዤ። ትንሿ ዳገት ላይ ስንደርስ ባጃጁ አቃሰተ፣ ሹፌሩ ነዳጅ ጨመረና "እንዴ፣ ዛሬ ምን ከበደው?" አለ።

እኔ ወደ ግራ አላየሁም።