ባለ ሥዕሏ ዓሣና የኢስራ በረዶ

ፍሬሰላም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ቆቦ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። የምትኖረው ከእናቷ ከአስረሳሽና ከአጎቷ ከፈንታው ጋር ነበር።

አጎቷ ጅቡቲ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሆቴል ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ሥራው ምን ነበር መሰላችሁ ልጆች? ዓሣ ማጥመድ አይደለም። ዓሣ መጥበስም አይደለም። የሆቴሉን የዓሣ ገንዳ መንከባከብ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ወደ ቆቦ ሲመለስ ያንን ሥራ ሊረሳው አልቻለም። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ከግድግዳው ጥግ አንድ የመስታወት ገንዳ ሠራ። ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል። ብዙ ጎረቤቶች አዲስ ቴሌቪዥን ገዛ ሲባል ሰምተው መጡ። ሲያዩት ግን ከቴሌቪዥን በለጠባቸው።

ውስጡ ያለው ውሃ የቧንቧ ውሃ አይደለም፤ የባሕር ውሃ ነው። ከማሉዲን የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ከጅቡቲ በጀሪካን ያመጣላቸዋል። በውሃው ውስጥ ድንጋይ የሚመስሉ፣ ግን ሕይወት ያላቸውና እንደ አበባ የሚፈኩ ኮራሎች አሉ። ዓሦቹ ጥቂት ናቸው። ከመካከላቸው ወርቃማ መልክ ያላቸው፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ የሚመስሉ ሁለት ዓሦች ነበሩ። የሰፈሩ ልጆች «ባልና ሚስቱ» ይሏቸዋል። አንድ ሽሪምፕም ነበረ። ብዙ እግር አለው፤ ነጭ ጢሙ ከራሱ ይረዝማል። ዓሦቹ ተራ ይዘው ሲቆሙለት ገላቸውን እየለቀመ ያጸዳቸዋል። ስሙ አባ ጢሞ ነው።

ፈንታው ለገንዳው ዓሣ የሚመርጠው በዓይኑ ብቻ አልነበረም። ሲያድግ ምን ያህል ይሆናል? ምን ይበላል? ከጎረቤቱ ጋር እንዴት ይኖራል? ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ አንድም ዓሣ አያስገባም። ፍሬሰላም ለምን እንዲህ እንደሚጨነቅ ስትጠይቀው እንዲህ አላት፦

«ባሕር ውስጥ የተጣላ ዓሣ ሸሽቶ ያመልጣል። እዚህ ግን ወዴት ይሸሻል? በአራቱም በኩል መስታወት ነው።»

የቆቦን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ቀትር ላይ ውሃው ይሞቅና ዓሦቹ ያለከልካሉ። ለዚህ መድኃኒት ያላት የጎረቤታቸው የሰይዳ ልጅ ኢስራ ነበረች። ሰይዳ ሱቅ አላት፤ ሱቋ ውስጥ ትልቅ ፍሪጅ አለ። ኢስራ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ውሃው በረዶ የሆነ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላ ትመጣለች። ጠርሙሱ እንደተከደነ ገንዳው ላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃውም ይበርዳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኢስራና ፍሬሰላም ተራ በተራ በብስክሌት ፓምፕ አየር ይነፉላቸዋል። እጃቸው ሲዝል ይስቃሉ፤ ሲስቁ ደግሞ የበለጠ ይዝላል።

አንድ ቅዳሜ ፈንታው የተበላሸ ሞተር ሊያሠራ አላማጣ ሄዶ እዚያው አደረ። አስረሳሽ ጎብዬ ገበያ ነበረች። ኢስራ በረዶዋን እንዳስቀመጠች የከማሉዲን መኪና ደጃፍ ላይ ቆመ። ከማሉዲን ጀሪካኖቹን አወረደ። በመጨረሻ አየር የተሞላ ላስቲክ ይዞ ገባ። ላስቲኩ ውስጥ አንዲት ዓሣ ነበረች።

ልጆች፣ እንዴት ያለች ዓሣ መሰለቻችሁ! ከፍሬሰላም መዳፍ ታንሳለች። ግን ሰማያዊው፣ ቢጫው፣ ጥቁሩ መስመር፣ ሠዓሊ ቁጭ ብሎ በብሩሽ የሣላት ትመስላለች።

ከማሉዲን ላስቲኩን ፈትቶ ዓሣዋን ከነውሃዋ በባልዲ አስቀመጣት። «ይቺን ፈንታው አላዘዘኝም። ዓሣ አጥማጆቹ እንዲያው ሰጥተውኝ ነው» አለ። «መጥቶ እስኪያያት ድረስ ለብቻዋ ትቆይ። አደራ፣ ፍሬሰላም።»

ፍሬሰላም እሺ አለች። ከማሉዲንም በዋጃ በኩል ወደ መቀሌ መንገዱን ቀጠለ።

ፍሬሰላም ግን አንድ ነገር አሳስቧት ነበር። በማግስቱ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቿ አምስቱ ዓሦቹን ሊያዩ ይመጣሉ። የባልዲ ዓሣ ደግሞ ከላይ ጀርባዋ ብቻ ነው የሚታየው። መስታወቱ ውስጥ ብትገባ እንዴት ባማረች! ይህንኑ ለኢስራ ነገረቻት። ኢስራ ራሷን ነቀነቀች። አጎትሽ እስኪመጣ እንጠብቅ፣ አንድ ሌሊት እኮ ነው አለቻትና ወደ ቤቷ ሄደች።

ፍሬሰላም ብቻዋን ቀረች። ባልዲውን አየች። ገንዳውን አየች። ከዚያ አጎቷ ሲያደርግ እንዳየችው፣ የገንዳውን ውሃ በኩባያ እየቀዳች ቀስ በቀስ ባልዲው ውስጥ ጨመረች። ዓሣዋ ውሃውን ስትለምድ በመረብ አንስታ ለቀቀቻት። ሁሉንም በጥንቃቄ ሠራች። ያልሠራችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጎቷን አልጠየቀችም።

ባለ ሥዕሏ ዓሣ ወዲያው ከድንጋዩ ሥር ገብታ ተደበቀች። ጭምት ትመስላለች። ፍሬሰላምም ምን ችግር አለው ብላ ልቧ ረጋ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹ ከፍሬሰላም ጋር እየተሯሯጡ መጡ። ፈንታው በመጀመሪያው አውቶቡስ ተመልሶ ኖሮ ከገንዳው ፊት ቆሟል። ፊቱ ጠቁሯል። ባለ ሥዕሏ ዓሣ መሐል ሜዳውን ይዛ ትንጎራደዳለች። ሚስትየዋ ጥግ ላይ ተለጥፋለች፤ ጅራቷ ተቀዷል። አባ ጢሞ የለም። አሸዋው ላይ አንድ ነጭ ጢምና ሁለት ቀጫጭን እግሮች ብቻ ቀርተዋል።

ፈንታው ዞር ብሎ በዝግታ ጠየቀ።

«ይቺን ማን አስገባት?»

አምስቱም ልጆች ፍሬሰላምን አዩዋት። ፊቷ ጋለ። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ያሰበችው አልነበረም።

«ትናንት… ኢስራ እዚህ ነበረች» አለች።

ውሸት ነው? ኢስራ በእርግጥ እዚያ ነበረች። ነገር ግን ፈንታው ሲሰማው ኢስራ ዓሣዋን ያስገባች መሰለው። ፍሬሰላምም አይደለም አላለችም።

ስድስት ሰዓት ላይ ኢስራ እንደ ልማዷ በረዶዋን ይዛ መጣች። ፈንታው በሩ ላይ ተቀበላት። አልተቆጣትም። ለጥቂት ቀን እንዳትመጣ፣ ገንዳውንም እንዳትነካ ብቻ ነገራት። ኢስራ ምክንያቱን አልጠየቀችም። በፈንታው ትከሻ በኩል ፍሬሰላምን አየቻት፤ ፍሬሰላም አቀረቀረች። ያኔ ኢስራ ሁሉም ገባት። ጠርሙሱን ደፉ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ፍሬሰላም ያን ቀን ለራሷ ብዙ ተናገረች። እኔ ኢስራ አስገባቻት አላልኩም፣ ነበረች ነው ያልኩት አለች። ግን በሰንበት ትምህርት ቤት «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ትእዛዝ በቃሏ የያዘችው በዚያው ሳምንት ነበር። ምሳ ስትበላ ትዝ አላት። ልብስ ስታጥብም ትዝ አላት።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጎቷ ክንዱ ድረስ ርሶ አገኘችው። ባለ ሥዕሏን ዓሣ በመረብ ሊያወጣት ሲታገል ነው የዋለው። መረቡ ሲጠጋት ከድንጋይ ስንጥቅ ትገባለች። ከዚያም የጀርባዋን እሾህ አቁማ ትቀረቀራለች፤ ቢስቧት አትወጣም። ድንጋዩን እናንሳው ቢባል ኮራሎቹ ይሰበራሉ። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ሙቀቱ ነበር። በረዶ የለም። ባልና ሚስቱ ውሃው አናት ላይ ወጥተው ያለከልካሉ።

አስረሳሽ ለምን ከሰይዳ በረዶ እንደማይጠይቅ ወንድሟን ጠየቀችው። ፈንታው እጁን በፎጣ እያደረቀ፣ «ልጇን ከደጄ መልሼ በምን ፊቴ ልለምናት?» አለ።

ፍሬሰላም ይህን ሰማች። ቦርሳዋን መሬት ላይ ጥላ ወጣች።

ሰይዳ ሱቋ ውስጥ ስኳር ትመዝን ነበር። ፍሬሰላም ፊቷ ቆማ ያደረገችውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች። እንባዋ መሐል ላይ መጣ፤ እሷ ግን አላቋረጠችም። ሰይዳ ሚዛኑን አስቀመጠች።

«ልጄ ትናንት ምሳዋን አልበላችም» አለቻት። «ለኔ ስለነገርሽኝ ደግ አደረግሽ። ግን የበደልሻት እሷን ነው፤ ጓሮ አለችልሽ።»

ኢስራ ጓሮ ልብስ እያሰጣች፣ ለእናቷ የተነገረውን ሁሉ ሰምታ ነበር። ፍሬሰላም ስትመጣ አልዞረችም።

«አንቺ እኮ ኢስራ ናት አላልሽም። ነበረች ነው ያልሽው» አለቻት።

«አዎ። ጥፋቱ ያንቺ እንዲመስል ብዬ ነው ግን» አለች ፍሬሰላም። «አስገቢ ያለኝ ሰው የለም። አንቺ ጠብቂ ብለሽኝ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ኢስራ።»

ኢስራ የያዘችውን ሻሽ ገመዱ ላይ ዘርግታ ጨረሰች። ከዚያ ዓሦቹ እንዴት እንደሆኑ ጠየቀች። ፍሬሰላም እያለከለኩ ነው ስትላት፣ ይቅር ብዬሻለሁ እንኳ ሳትል ወደ ፍሪጁ ሮጠች። ልጆች፣ አንዳንድ ይቅርታ እንዲህ በሩጫ ነው የሚመጣው።

ሁለቱም ሁለት ሁለት ጠርሙስ በረዶ ታቅፈው ገቡ። ጠርሙሶቹ ገንዳው ላይ ሲንሳፈፉ ፍሬሰላም ለአጎቷ እውነቱን ነገረችው። ፈንታው ሰምቶ ሲጨርስ አስቀድሞ ወደ ኢስራ ዞረ።

«ኢስራ፣ እኔም በድዬሻለሁ» አላት። «አንቺን ሳልጠይቅ ፈረድኩብሽ። ይቅር በይኝ።»

ኢስራ አፍራ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ሐሳብ መጣላት። ታላቅ ወንድሟ ረመዳን ጎሊና ወንዝ ላይ ትንንሽ ዓሣ የሚይዘው በመረብ አልነበረም። አፈ ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ምግብ አድርጎ ውሃው ውስጥ ያጋድመዋል። ዓሣው ሲገባ በሲባጎ ብድግ ያደርገዋል። ከሱቃቸው ባዶ የከረሜላ ዕቃ አመጣች። አጥበው፣ ቁራጭ ሥጋ ጨምረው፣ አፉ ላይ ሲባጎ አስረው ገንዳው ውስጥ አጋደሙት።

ሲባጎውን የያዘችው ፍሬሰላም ናት። ሳትንቀሳቀስ ቆመች። ዝንብ አፍንጫዋ ላይ አረፈ፤ አልነካችውም። ባለ ሥዕሏ ዓሣ ከስንጥቋ ብቅ አለች። ዕቃውን ዞረችው። ተመለሰች። ደግማ ዞረችው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሥጋው አጓጓትና ዘው አለች። ፍሬሰላም ሲባጎውን ሳበች፤ ዕቃው ቆመ፤ ፈንታው በመረብ ከደነው። አስረሳሽ ከጓዳ ሆና እልል አለች።

ዓሣዋ ክፉ አልነበረችም። አባ ጢሞን የበላችው ሽሪምፕ ምግቧ ስለሆነ ነው። ቦታዋ ሰፊው ባሕር ነበር እንጂ የእነባልና ሚስቱ ቤት አልነበረም። ፈንታው ይህን አስረድቷቸው ለብቻዋ በሌላ ዕቃ አቆያት። ሐሙስ ከማሉዲን ከመቀሌ ሲመለስ ወስዶ ባሕሯ ላይ ለቀቃት። የሚስትየዋ ጅራት በሁለት ሳምንት ዳነ። አባ ጢሞ ግን አልተመለሰም። ተጸጽተን ይቅር ብንባልም የማይመለስ ነገር አለ፣ ልጆች።

ከወር በኋላ ፈንታው አንድ አዲስ ዓሣ እንዲመርጡ ሁለቱን ልጆች ከከማሉዲን ጋር በስልክ አገናኛቸው። ፍሬሰላም መልኳን አስቀድማ አልጠየቀችም። ስታድግ ምን ያህል እንደምትሆን፣ ምን እንደምትበላ፣ ከሌሎች ጋር እንዴት እንደምትኖር ጠየቀች። ኢስራ መልሱን ደብተር ላይ ጻፈች። የመጣችው አሸዋ የመሰለች፣ አፈ ትልቅ ዓሣ ናት። አሸዋውን በአፏ ትዝቅና በጉንጯ በኩል እያጣራች ትተፋዋለች። ባልና ሚስቱ በአጠገቧ ሲያልፉ ዘወር ብላ አታያቸውም።

ዓሣዋ በመጣችበት ሳምንት እሑድ አምስቱ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች እንደገና መጡ። ዓሣዋ ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው ጉንጯን ስታንቀሳቅስ አይተው በሳቅ ፈረሱ። ፍሬሰላም ሳቃቸው እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ ኢስራን በእጇ ይዛ ፊታቸው ቆመች።

«ያን ጊዜ ዓሣዋን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ኢስራ ጠብቂ ብላኝ ነበር» አለቻቸው።

ከልጆቹ አንዱ ለኢስራ ቦታ ለቀቀላት፤ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የራሳችን ጥፋት በሌላው ላይ ሲያርፍ እያዩ ዝም ማለትም በሐሰት መመስከር ነውና፣ ያጠፋ ሰው ፈጥኖ እውነቱን ይናገር።