በሴት በኩል የተቆለፈ ኮት

«ፈገግ አሰኚው ነው የምልሽ! ምን ይከብዳል?»

«ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ አስፈገግኩት። ከዚህ በላይ ከሆነ ጥርሱ ከአፉ ይወጣል።»

«ይውጣ! ደስ ብሎት የሚሄድ ሰው ነው ደንበኛው የሚፈልገው።»

የስቱዲዮው ባለቤት ከጀርባዋ ተገትሯል። ሠራተኞቹ «ጋሼ ቶሎ» ይሉታል፤ «ቶሎ» ከሚለው ቃል ውጪ ብዙም ሲናገር አልሰሙትም። ትንፋሹ ሲጋራና ማስቲካ ይሸታል። እሷ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ከሚራመደው ሰውዬ አላነሳችም። ጥግ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር እየሞላች ነበር።

ስልሳ በመቶ።

ኮምፒውተሩ ጀርባ የሰካቻት ካርድ ጥፍር አታክልም።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለ ጋሼ ቶሎ መስመሯን እየጠቆመ።

«መጠባበቂያ ቅጂ። ባለፈው መብራት ሄዶ የሳሙናው ማስታወቂያ ሲጠፋ ማን ነበር ያለቀሰው?»

የድምፅ ባለሙያው ከወዲያ ጠረጴዛ ሳቀ። ጋሼ ቶሎ እየተሳደበ ዞረ።

መቶ።

በየሥራው የምትጠራ አኒሜተር ሆና እዚህ ከገባች ሦስት ወሯ ነው። ለጥርስ ሳሙና የሚጨፍሩ ጥርሶች ሠርታለች። ከዘፋኞች ጀርባ እሳት አንድዳለች። የላኳት ሰዎች ግን የሚያውቋት «መርፌ» በሚል ስም ነው።

አንድ ሐኪም ከታሰረበት ከጠፋ አራት ወር አለፈው። አሳሪዎቹ በፈቃዱ አገር ለቆ ሄደ ይላሉ። ነገ ፍርድ ቤቱ እዚህ በተሠራው ቪዲዮ ሐኪሙን በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ እየጎተተ ሲሄድ ያየዋል። ዳኞቹ ካመኑ የሚስቱ ክስ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚፈልገው የለም። የመርፌ ተልዕኮ ቪዲዮው የተሠራበትን ፋይል ማውጣት ነበር፤ ፊቱ፣ ገላው፣ ጥላው ለየብቻ የተቀመጡበትን። አለቃዋ «አጎት» ለፍርድ ቤቱ ያደርሰዋል። የነገራት እንደዚያ ነው።

ፊቱን የወሰዱት ከቤቱ ከተነጠቀ የልደት ቪዲዮ ነው። በዚያ ቪዲዮ ሚስቱ እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋለች። መርፌ ያንን እጅ ፍሬም በፍሬም፣ ጣት በጣት አጠፋችው። ሁለት ቀን ፈጀባት። እንዳይጠረጥሯት ብላ በደንብ ነው የሠራችው። ሲያልቅ ሽንት ቤት ገብታ አስታወከች። አፏን ተጉመጥምጣ ተመለሰችና ጥላውን አስተካከለች።

ረፋዱ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰለፈች። አጎት ከፊቷ ነበር።

«አባባ፣ ወረቀት ወደቀብዎት።» ካርዷ በታጠፈው ወረቀት ውስጥ ናት።

«ተባረኪ ልጄ።» ከዚያ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «እንከን አለው?»

«አንድ። ወደ መውጫው የሚሄድ እንዲመስል ምስሉን እንደ መስተዋት ግራ ቀኙን አዙረውታል። የግድግዳውን ጽሑፍ መልሰው አቀኑ፣ ኮቱን ረሱ። በሴት በኩል፣ ቀኙ ከግራው ላይ ተደርቦ ነው የተቆለፈው።»

«ማን ያውቃል?»

«እርስዎና እኔ።»

«ጎበዝ።»

ከሰዓት ጋሼ ቶሎ እያለከለከ መጣ።

«ቶሎ ክፈቺው! ደንበኛው ደወለ። ኮቱ በሴት በኩል ተቆልፏል ይላል። አንቺ ዓይንሽ የት ነበር?»

ፋይሉን ከፈተች።

እርስዎና እኔ።

ደንበኛው አጎት ነው። የላካት ውሸቱን እንድታጋልጥ አልነበረም፤ ቀዳዳውን ፈልጋ እንድታሳየው እንጂ። የገዛ ቆዳዋ ቀፈፋት።

«አሁን አስተካክለዋለሁ» አለች።

መጀመሪያ ያልታረመውን ፋይል በሌላ ካርድ ቀዳች። ከዚያ ኮቱን አስተካከለች።

«አየሽ? አሁን ሰው መሰለ!» አለ ጋሼ ቶሎ።

ምስክር የሌለው ፋይል ግን ማንንም አያሳምንም። ሽንት ቤት ገብታ ስልኳን መታጠቢያው ላይ አቆመች። እናቷ ያወጣችላትን ስም ተናገረች። ምን እንደሠራች፣ ማን እንዳሠራት አንድ በአንድ ዘረዘረች። ነገ ይህን ፊት የማያሳድድ አይኖርም። የእናቷን በር ዳግመኛ አታንኳኳም። ቀረጻውን ካርዱ ላይ ጨመረችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

የሐኪሙ ሚስት የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ፊት ለፊት ተሰልፋለች። መርፌ ከኋላዋ ገባች።

«ነገ የሚያሳዩዎትን ቪዲዮ የሠራሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንደተሠራ እዚህ ውስጥ አለ። ዛሬውኑ ለጠበቃዎ ይስጡ።»

ሚስትየው እጇን አልዘረጋችም። «ከምን ሠራሽው?»

«ከልደቱ ቪዲዮ። ትከሻቸው ላይ የነበረውን እጅዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ዓይኗን የመርፌ ጣቶች ላይ ጣለች። ብትተፋባት ይቀላት ነበር።

«እና አልሄደም?»

«አልሄዱም።»

«በሕይወት አለ?»

«አላውቅም።»

ሚስትየው ካርዱን ተቀብላ መሐረቧ ጫፍ ላይ ቋጠረች። ቋጠሮውን ሁለቴ አጠበቀችው። ቀና ስትል ጸሐፊው በመስኮቱ ተጣራ፤ ሰልፉም አንድ እርምጃ ተራመደ።

መርፌ ትታው የሄደችውን ቦታ ከኋላ የነበረው ሰውዬ ሞላው።